አስናቀች ወርቁ

አስናቀች ወርቁ (1927 – መስከረም 2004 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊት የክራር ተጫዋች፣ ድምፃዊትና ተዋናይት ነበረች። በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቲያትር ታሪክ ትወናን ሙያዋ አድርጋ መድረክ ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት እንደሆነች ይነገርላታል። በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት መድረክ ጀምራ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በኋላ ብሔራዊ ቲያትር በተባለው ቤት፣ ለበርካታ ዓመታት ሠርታለች። ክራሯን ራሷ እየደረደረች የምትዘፍናቸው የፍቅር ዜማዎች በአገር ውስጥም በውጭም ተወዳጅ አድርገዋታል።

አስናቀች የምትታወቀው በፖለቲካ ድርጅት መሪነት ወይም በአደባባይ ሰልፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ንግግር በሳንሱር በሚታይበት፣ ክራር የያዘች ሴትም በክፉ ዓይን በምትታይበት ዘመን በራሷ ስምና በራሷ ድምፅ ሕዝብ ፊት መቆሟ ትልቅ ድፍረት ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ሴት አርቲስቶች ነፃነት ሲነገር ስሟ ከፊተኞቹ ተርታ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

አራዳና ፒያሳ

አስናቀች የተነሣችበትን ከተማ ሳያውቁ ሕይወቷን መረዳት ያስቸግራል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የከተማዋ ገበያ የሚቆመው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ሰው እህሉን ሸጦ ጨው ገዝቶ ብቻ አይመለስም፤ የሰማውን ወሬም ይዞ ይገባል። ጥፋተኞች በአደባባይ የሚቀጡትም በዚያው አካባቢ ነበር። በዚህ የተነሣ አራዳ የንግድ ቦታ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ኃይል የሚታይበት፣ የሕዝብም ሐሜት የሚዘዋወርበት ስፍራ ሆነ። ቃሉም ውሎ አድሮ ከሰፈር ስምነት አልፎ ንቁ፣ ቀልጣፋ፣ የማይታለል ሰው ማለት ሆነ።

አዳዲስ ነገሮች ወደ ከተማዋ የሚገቡትም በአራዳ በኩል ነበር። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት ሆቴል የተከፈተው በዚሁ አካባቢ ነው። ከቀደሙት የከተማዋ ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። በ1910ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» በከተማዋ በሚገኝ ሆቴል ለመኳንንት ታየ። ይህ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የእንስሳት ተረት መስሎ የቀረበ ሲሆን የሚነቅፈው ግን የአስተዳደሩን ብልሹነት ነበር። ነገሩ የገባቸው ሹማምንት ተቆጡ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። የኢትዮጵያ ቲያትርና የኢትዮጵያ ሳንሱር በአንድ ላይ ተወለዱ ማለት ይቻላል።

በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ሲያሰጋ በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በዜማና በንግግር ሕዝቡን ለአገሩ እንዲነሣ ይቀሰቅስ ነበር። ከነፃነት በኋላ ሀገር ፍቅር ቲያትር ሆኖ በፒያሳ ሥራውን ቀጠለ። አስናቀች የተወለደችው ይኸው ማኅበር በተቋቋመበት ዓመት ነው።

የፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የከተማዋ መልክ ተለወጠ። የአራዳን ገበያ ከቦታው አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወረው። አራዳም በጣልያንኛ አደባባይ የሚል ትርጉም ባለው ቃል ፒያሳ ተባለች፤ ስሙም ጣልያኖች ከወጡ በኋላ ሳይጠፋ ቀረ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ በከተማዋ ነዋሪ ላይ ጭፍጨፋ ተፈጸመ። ከዚያ በተከታታይ ሳምንታት ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና እየዞሩ የሚያዜሙ ሰዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ምክንያቱ የኢጣልያ አገዛዝ በቅርቡ ያበቃል የሚል ወሬ በሕዝቡ መካከል ይዘራሉ የሚል ነበር። ማሲንቆና ክራር የያዘ ሰው ጠመንጃ ከያዘው ባልተናነሰ እንደሚያሰጋ ወራሪው ተረድቶ ነበር ማለት ነው። አስናቀች ያኔ ገና ሕፃን ነበረች።

ልጅነትና ክራር

አስናቀች የተወለደችው በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። እናቷን በልጅነቷ በሞት አጣች፤ ያሳደገቻት የክርስትና እናቷ ናት። ክራር መምታትን ከትምህርት ቤት ወይም ከመምህር አልተማረችም። መሣሪያውን እየነካካች፣ ጆሮዋ የያዘውን ዜማ በጣቷ እየፈለገች ራሷን በራሷ አስተማረች።

ክራር ከእንጨት ፍሬምና ቆዳ ከለበሰ ገበታ የሚሠራ፣ ብዙውን ጊዜ 6 ክር ያለው የአገር መሣሪያ ነው። ክሮቹን በአንድ እጅ እየያዙና እየለቀቁ በሌላው እጅ በመግረፍ፣ ወይም እያንዳንዱን ክር በጣት በመደርደር ይጫወቱታል። ቅኝቶቹ በተለምዶ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ግርፉ ለጭፈራ ይስማማል። ድርደራው ግን ለብቸኛ ድምፅ የሚሆን ነው፤ ዘፋኙ ለአፍታ ዝም ሲል ክሩ ይመልስለታል። የአስናቀች አጨዋወት የሚወደደው በዚህ የድምፅና የክር ቅብብሎሽ ነው።

በአገሬው ልማድ ክራር እንደ በገና አልተከበረም። በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ነው ተብሎ በጾም ወራት ለመንፈሳዊ መዝሙር ይደረደራል፤ መኳንንትና ወይዛዝርትም ይማሩት ነበር። ክራር ግን የፍቅር፣ የሌሊትና የጠጅ ቤት ጓደኛ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ የሰይጣን መሣሪያ ነው የሚል አፈ ታሪክም አለው። ሁለቱ መሣሪያዎች የሥጋ ዘመዳሞች ሆነው ሳለ አንዱ ለጸሎት፣ ሌላው ለኃጢአት ተመደቡ።

አዝማሪ የሚለው ቃልም ዕጣው ተመሳሳይ ነበር። ቃሉ የመጣው ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን ማመስገንንና ማዜምን ያመለክታል። በኋላ ግን ስድብ ሆነ። አዝማሪው በሠርግ፣ በግብርና በጦርነት ይፈለጋል፤ ልጁን ለአዝማሪ ሊድር የሚወድ ቤተሰብ ግን ጥቂት ነበር። አዝማሪዋ ሴት ስትሆን ንቀቱ እጥፍ ይሆናል። ወንዱ አፈኛ ሲባል እሷ ባለጌ ትባላለች፤ በድምፅዋ ያገኘችውንም ገንዘብ በገላዋ ያገኘችው አድርገው ያዩባታል። እንደ ሜሪ አርምዴ ያሉ ባለ ክራር ሴቶች በአዲስ አበባ ስማቸውን ያስጠሩት ይህን ሁሉ ተቋቁመው ነው። አስናቀች ክራሯን ስታነሣ ይህን ስም አብራ እንደምትሸከም የማታውቅ አልነበረችም።

ሴት የሌለበት መድረክ

በ1930ዎቹ ዓ.ም. ቲያትር በአዲስ አበባ ዳግመኛ ሲያብብ በመድረኩ ላይ አንድ ጉድለት ነበር። ዘፋኝና ተወዛዋዥ ሴቶች ቢኖሩም በተውኔቱ ውስጥ እናት፣ ሚስት ወይም ሙሽራ ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ጢሙን የተላጨ ጎልማሳ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ ይወጣል። ተመልካቹም ለምዶት ነበር። ጨዋ ቤተሰብ ልጁን ለመድረክ እንደማይሰጥ ሁሉም ያውቃል።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሼክስፒር ዘመን የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶች በሙያው መድረክ ላይ የወጡት እ.ኤ.አ. ከ1660 ወዲህ ነው። በጃፓን ደግሞ ካቡኪ የተባለውን ትርኢት የጀመረችው ሴት ሆና ሳለ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶችን ከመድረኩ አገደ። ሴት በሕዝብ ፊት ሰውነቷንና ድምፅዋን ይዛ መቆሟ በብዙ አገር የሥርዓት ጉዳይ ተደርጎ ተቆጥሯል።

አስናቀች በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በቀረበው «የፍቅር ጮራ» በተባለ ተውኔት ላይ የተጫወተችው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ዕድሜዋ ወደ 17 ዓመት ገደማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሴት ገጸ ባሕርይ በሴት እንደሚተወን ተመልካቹ በዓይኑ አየ። በመድረኩ ላይ የሚታየው ፍቅርም ሆነ ቅናት የወንድ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ እውነተኛ ሴት የምትናገረው ነገር ሆነ።

በዚያ ዘመን መድረክ ላይ የወጣች ሴት ከመድረክ ስትወርድ ጥበቃ አልነበራትም። በሕዝብ ዘንድ ተዋናይትና ሴተኛ አዳሪ የሚለያዩት በጥቂቱ ነበር። ጠንካራ ቤተሰብ የሌላት፣ እናቷን በልጅነቷ ያጣች ወጣት ለዚህ ዓይነቱ ስም ይበልጥ የተጋለጠች ናት። አስናቀች ግን ከተቺዎቿ ለመሸሽ ራሷን አልደበቀችም። ባማሩ ልብሶቿ፣ በአጊያጌጧና በራስ መተማመኗ ታወቀች፤ አድናቂዎቿም አስኒ እያሉ ይጠሯት ነበር።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር

በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተመረቀ። መክፈቻው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። አዲሱ ሕንጻ ከፒያሳ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ በኩል፣ በአዲሱ የከተማዋ ክፍል የተሠራ ሲሆን ቲያትርን ከትንንሽ አዳራሾች አውጥቶ የመንግሥት ክብር መግለጫ አደረገው።

አስናቀች የሥራ ዘመኗን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፈችው በዚህ ቤት ነው። የዚያን ዘመን የቲያትር ቤት ሠራተኛ አንድ ሙያ ብቻ ይዞ አይቀመጥም፤ ተዋናዩ ይዘፍናል፣ ዘፋኙ ይወዛወዛል። አስናቀችም ትወናውን፣ ዘፈኑንና ክራሩን አጣምራ ትሠራ ነበር። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር የተቀባበለቻቸው ዘፈኖች በተለይ ይታወሳሉ። በእንዲህ ያለው ጨዋታ ወንዱ በግጥም ይነካካል፣ ሴቷ ትመልሳለች፤ ያሸነፈው በጭብጨባ ይታወቃል። ሴት ወንድን በአደባባይ በቃል የምትረታበት፣ ማንም የማይቆጣበት ቦታ በዚያ ጊዜ ከዚህ ሌላ ብዙ አልነበረም።

የመንግሥት ቲያትር ሠራተኛ መሆን ግን ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል ደመወዝና ከለላ ይሰጣል፤ ከጠጅ ቤት ሽልማት ጠባቂነት ያወጣል። በሌላ በኩል መድረኩ የንጉሡ ነው። ተውኔት ከመታየቱ በፊት ይመረመራል፤ ዘፈን ከመሰማቱ በፊት ይነበባል። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች በተለያየ ጊዜ ከመድረክ መታገዳቸው የቁጥጥሩን ጥብቀት ያሳያል።

ሰምና ወርቅ በሳንሱር ዘመን

በቀጥታ መናገር በማይቻልበት ጊዜ የአማርኛ ግጥም የራሱ መንገድ አለው። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይይዛል፤ ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ ነው። ቃሉን ሲያላሉት አንድ ነገር፣ ሲያጠብቁት ሌላ ነገር ይሆናል። ሁለት ቃላት ሲገጣጠሙ ሦስተኛ ትርጉም ይወልዳሉ። ሳንሱር ወረቀቱን ሊያነብ ይችላል፤ ዘፋኙ በመድረክ ላይ የትኛውን ፊደል እንደሚያጠብቅ ግን ከወረቀቱ ላይ አይታይም። ተጠርጥሮ ቢጠየቅም የዘፈንኩት ስለ ፍቅር ነው ለማለት ይችላል።

ይህን መንገድ አድማጩም ጠንቅቆ ያውቀዋል። ወንድ ዘፋኝ አንቺ ብሎ ሲጣራ የሚወዳትን ሴት ወይም አገሩን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ በአማርኛ አገር የምትጠራው በሴት ጾታ ነውና። ሴት ዘፋኝ አንተ ስትል ግን ነገሩ ይለወጣል። አንተ የሚባለው የከዳ ወዳጅ፣ የማይመለስ ባል ወይም የማይሰማ ጌታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሴት እንጉርጉሮ ከፍቅር ሳይወጣ ስለ ሥልጣን የሚያወራበት በር አለው። አስናቀች ስለ ፍቅር በዘፈነች ቁጥር መንግሥትን ትነቅፍ ነበር ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። የእርሷ ድፍረት ይበልጥ የሚታየው በሰሙ ላይ ነው። በዘፈኖቿ ውስጥ ሴቲቱ የምትፈለግ ብቻ አይደለችም፤ ትፈልጋለች፣ ትከፋለች፣ ትነቅፋለች። የሴት ፍላጎት በጨዋ ቤት በማይነሣበት ዘመን ይህን በአደባባይ ማዜም ራሱ ከልማዱ ጋር መጋጨት ነበር።

በዘፈንና በሥልጣን መካከል ያለው ርቀት አጭር መሆኑን የዘመኑ ክስተቶች ያሳያሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ካደረጉ በኋላ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፋኝ የነበረው ጥላሁን ገሠሠ ታስሯል። በደርግ ዘመን ድምፃዊት ጠለላ ከበደ በአንድ ዘፈኗ ሰበብ ታስራለች፤ አያሌው መስፍንም እንዲሁ። በሁሉም ዘንድ ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፦ ዘፋኙ ምን አለ ሳይሆን ሕዝቡ ምን ሰማ የሚል።

በተመሳሳይ ዓመታት ሌላ አፍሪካዊት ዘፋኝ በአዲስ አበባ ታይታለች። ደቡብ አፍሪካዊቷ ሚርየም ማኬባ እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት በከተማዋ ዘፍናለች። በዚያው ዓመት በተባበሩት መንግሥታት ፊት ቀርባ አፓርታይድን በግልጽ አውግዛለች። ማኬባ በግልጽ የተናገረችው ከአገሯ ውጪ ሆና ነው፤ ዋጋውም ስደት ነበር። አስናቀች ከከተማዋ ሳትወጣ የኖረች አርቲስት በመሆኗ የነበራት ምርጫ ሌላ ነው፤ መድረኩን ሳይለቁ የመድረኩን ደንብ መለወጥ።

ሸክላና የፒያሳ ሌሊቶች

እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስገባት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህ ማለት ምን ዘፈን ታትሞ እንደሚቀር የሚወስነው ለመንግሥት የቀረበ አንድ ተቋም ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ድንጋጌውን ችላ ብሎ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከእርሱ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአዲስ አበባ ሙዚቃ በየሻይ ቤቱና በየቡና ቤቱ ይሰማ ጀመር።

በዚያን ጊዜ ፒያሳና አጠገቧ ያለው ውቤ በረሃ የከተማዋ የሌሊት ሕይወት ማዕከል ነበሩ። ውቤ በረሃ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። የቀኑ አለቃና የቀኑ ተማሪ ማታ በአንድ ቤት የሚገናኙበት ሰፈር ነበር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በተባለው ልብ ወለዱ የዚህን ሰፈር ሕይወት ሳይሸፍን በመጻፉ መጽሐፉ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቆይቷል። የሰፈሩ ኑሮ የቆመው ቡና ቤት በከፈቱ፣ በዘፈኑ፣ ባስተናገዱ ሴቶች ላይ ነው። ከተማው በእነርሱ ይዝናናል፤ በማግስቱም ያማቸዋል።

ኤሌክትሪክ ጊታርና ሳክስፎን ከተማውን ባጥለቀለቁበት በዚህ ጊዜ አስናቀች ክራሯን አልጣለችም። እንደ ካሳ ተሰማ ካሉ የክራር ባለሙያዎች ጋር ሆና የጥንቱ መሣሪያ ከዘመናዊው ባንድ ጎን እንዲቆም አድርጋለች።

የደርግ ዘመን

በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ሲወርዱ ብዙ አርቲስቶች ሳንሱር ይቀራል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የሰዓት እላፊ ገደብ ታወጀ፤ የፒያሳና የውቤ በረሃ ሌሊትም ተዘጋ። በሌሊት ሥራ የሚተዳደሩ ሙዚቀኞችና የቡና ቤት ሴቶች እንጀራቸው ታጠፈ። በቀይ ሽብር ዘመን የወጣቶች አስከሬን በየመንገዱ ተጥሎ ይታይ ነበር፤ የአራዳና የፒያሳ ልጆችም ከሟቾቹ መካከል ናቸው። አምሃ እሸቴን ጨምሮ ብዙ የሙዚቃ ሰዎች ተሰደዱ።

የቀሩት በአዲስ ሥርዓት ታቀፉ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ መድረኩ የሰልፍ መዝሙርና የአብዮት መፈክር ሞላው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርም ብሔራዊ ቲያትር ተባለ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ግጥም ከመድረክ በፊት መመርመሩ አልቀረም፤ ቀድሞ የሚነበበው ለዘውዱ ክብር ሲሆን አሁን ለአብዮቱ ጥራት ሆነ።

ደርግ ስለ ሴቶች እኩልነት በሰፊው ይናገር ነበር። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርን አቋቋመ፤ በዘፈንና በፖስተርም መሣሪያ የታጠቀች፣ መዶሻ የያዘች ሴት ትታይ ነበር። በዚህ ሥዕል ውስጥ ግን ክራር ይዛ ስለ ራሷ ልብ የምታዜም ሴት ቦታ አልነበራትም። ከብዙኃኑ ድምፅ መካከል አንዲት ብቸኛ ድምፅ መስማት የቅንጦት፣ አልፎም የአድኃሪነት ምልክት ተደርጎ ሊታይ ይችል ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን ትዝታን በክራር መደርደር ከመፈክሩ ውጭ ሌላ ስሜት እንዳለ ማስታወስ ነበር።

ሴት አርቲስት እንደ ዜጋ

የሴቶች መብት በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ የገባው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የምክር ቤት ምርጫ ሲፈቅድ ሴቶችም ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ የሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ስንዱ በአርበኝነት የተዋጉ፣ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ያስተማሩና ተውኔቶችን የጻፉ ሴት ናቸው። የተማረች፣ ከታወቀ ቤተሰብ የተወለደች ሴት ወደ አደባባይ የምትወጣበትን መንገድ አሳይተዋል።

አስናቀች የወጣችው በሌላ በር ነው። የታወቀ ቤተሰብ፣ የውጭ አገር ትምህርት ወይም የቤተ መንግሥት ዝምድና አላቆማትም። መንግሥት የሴቶችን የመምረጥ መብት በሕግ ከማወጁ ከሦስት ዓመት በፊት እርሷ በማዘጋጃ ቤቱ መድረክ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ቢሆኑም ይደጋገፋሉ። ሕጉ ሴት ትናገር ዘንድ ይፈቅዳል፤ ሕዝቡ ግን የሴት ድምፅ በአደባባይ መስማትን መልመድ አለበት። ተመልካቹን ይህን ያስለመዱት እንደ አስናቀች ያሉ ተዋንያንና ዘፋኞች ናቸው።

በአስናቀች ሕይወት ላይ ሲነሣ የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው። በግልጽ ያልተቃወመ አርቲስት ታግሏል ሊባል ይችላልን? ፊውዳላዊውም ሆነ ወታደራዊው አገዛዝ ሴት ምን መምሰል እንዳለባት አስቀድሞ ወስኖ ነበር፤ አንዱ የቤት እመቤት፣ ሌላው ታጋይ። ሠርታ የምትበላ፣ የምትወደውን የምትመርጥ፣ ለስሟ ሰውን የማታስፈቅድ ሴት ከሁለቱም ሥዕል ውጭ ናት። አስናቀች ይህን በንግግር አላወጀችም፤ እንዲህ ሆና ኖረች። ዋጋው ሐሜት፣ ብቸኝነትና በዕድሜ መጨረሻ የመረሳት ስጋት ነበር።

የመጨረሻ ዘመንና ቅርስ

አስናቀች ከመድረክ ከራቀች በኋላ ለብዙ ዓመታት ስሟ የሚነሣው በዕድሜ ጠና ባሉ አድማጮች ዘንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የአልበም ተከታታይ 16ኛ ክፍሉን ለእርሷ ሥራዎች ሰጠ። ርዕሱ ባለ ክራሯ እመቤት ማለት ነው። በዚህ አልበም አማካይነት አማርኛ የማያውቁ አድማጮች ሳይቀሩ አጨዋወቷን አወቁ፤ በአገር ቤት ያሉ ወጣቶችም እንደገና አገኟት።

በዕድሜዋ መጨረሻ ጤናዋ ተዳክሞ ነበር። በመስከረም 2004 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት በገባ በቀናት ውስጥ፣ በ76 ዓመቷ ገደማ በአዲስ አበባ አረፈች። ስለ ሕይወቷ ራሔል ሳሙኤል ያዘጋጀችው «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 ለእይታ በቅቷል።

ዛሬ በኢትዮጵያ ቲያትር ቤቶች ሴት ተዋናይት ማየት የሚያስገርም ነገር አይደለም። ክራርም ከጠጅ ቤት ወጥቶ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ የሚማሩት ሴቶችም ናቸው። አስናቀች ወጣት ሳለች የምታውቃት ፒያሳ ግን እየተለወጠች ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአሮጌ ሰፈሮቿ ብዙዎቹ ፈርሰዋል። የቀሩት የሸክላና የአልበም ቅጂዎች፣ ጥቂት ተንቀሳቃሽ ምስሎችና መድረኩ ናቸው። ከእርሷ በኋላ የሴት ገጸ ባሕርይ ለመጫወት ወንድ ሻሽ ማሰር አላስፈለገውም።